ሽታ የሌለው ቤንዚን

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሞተር። አንዷ ካንዴላዋ ጠቁሮ፣ ሌላዋ የፊት ፍሬን። ሙቀቱ ሳይበረታ አለቁ። ሚያዝያ ገና ሳይጋመስ ግንቦትን መስሏል። እኩለ ቀን ላይ ቁልፍ በባዶ እጅ አይያዝም፣ ያቃጥላል።

እሸቴ ከጎኔ ጎማ ሲለጥፍ፣ ሲያዛጋ ዋለ። ሕማማት ነው፣ እህል አልቀመሰም። ጎሚስታነትና ጾም አይስማሙም ይላል። ግን ይጾማል።

አሥር ሰዓት ላይ ሁመድ መጣ። የእንስሳት ክትባት ሠራተኛው፣ ጭፍራ ድረስ የሚመላለሰው። ሞተሩ ቤንዚን ታፈሳለች። ሞልቶ ይነሳል፣ ሲደርስ ጎድሏል። የት እንደሚፈስ ግን አላየም። እንዴት ያያል? እዚህ አገር የፈሰሰ ቤንዚን መሬት ሳይነካ ይተናል። ኮምቦልቻ ቢሆን ከሥሯ ካርቶን ታነጥፋለህ፣ ጠዋት ነጠብጣቡን ታያለህ፣ አለቀ። ሰመራ ላይ ካርቶኑ ደረቅ ነው። እዚህ የሚፈስ ቤንዚን የሚገኘው በአፍንጫ ነው። ሰዉ «አብዱ አፍንጫው» የሚለኝም ለዚህ ነው። ጎንበስ እላለሁ… ሰልባትዮው፣ የቤንዚን መያዣው ሥር፣ ቱቦው ጋ፣ ካርቡሬተሩ ጎን። የሚያፈሰው ቦታ ራሱ ይጠራኛል።

ሁመድ እንደ ልማዱ ጥላው ሥር ሊቀመጥ ፈለገ። «ና ቁጭ በል አብዱ፣ መንገዱን ከመነሻው ልንገርህ» አለ። የአፋር ዳጉ እንደሆነ አይቸኩልም። ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ከሰላምታው እስከ ዝናቡ፣ ከግመሉ እስከ ለቅሶው፣ ያየውን ሁሉ ሳያስቀር ይነግራል፤ የሌላውንም ይቀበላል። ማን ጊዜ አለው?

«ተወው ሁመድ፣ አፍንጫዬ ይነግረኛል» አልኩት።

ጎንበስ አልኩ። ምንም። ነፋሱ ነው ብዬ በእጄ ከለልኩ። ደገምኩ። ምንም…

ካርቡሬተሩ ሥር አቧራው ጠቆር ብሎ ተጣብቋል። እዚያ አካባቢ መሆኑ ነው። ከዚያ ያለፈ አላወቅኩም። የታችኛውን ኩባያ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያዋን፣ ቀይሬ ሰጠሁት። በግምት። አመስግኖ ሄደ።

ማታ ሚስቴ ሱልጣና ያው የሁልጊዜዋን አለችኝ። «ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለህ፣ ሳትታጠብ ፍራሹ ላይ እንዳትቀመጥ።» ታጠብኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ጉንፋን ነው። መሆን አለበት። ግን አፍንጫዬ አይፈስም፣ አልታፈነም፣ አያስነጥሰኝም። ምን ዓይነት ጉንፋን ነው?

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

እሸቴ ፋሲካን ደብረ ብርሃን ውሎ ተመለሰ። ፊቱ ወዝ አውጥቷል። ሱልጣና ከሻይ ቤቷ ሳምቡሳ ላከችልን። እሸቴ ገና አንዴ ገምጦ ተፋው።

«በማርያም፣ ምን ሆና ነው? ሽንኩርቱ እኮ አሯል!»

እኔ ሁለተኛውን እየጨረስኩ ነበር። «ረሃብ ነዋ» ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከሄደ በኋላ የቀረውን ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ጥቁር ነው።

ከሰዓት የአንድ ሞተር የካርቡሬተር መርፌ ፈተሽኩ፣ ቤንዚኑን የሚዘጋውን። ካርቡሬተሩን ገልብጬ፣ በቱቦው አየር ስቤ፣ ምላሴን ደቅኜ… መርፌው ደህና ከሆነ ምላሴን ይይዛል፣ ካልዘጋ ይለቃል። ቤንዚን አፌ ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ እስኪያለቅስ እተፋለሁ። ዛሬ አፌን አቃጠለኝ እንጂ ምንም ምንም አላለኝም። የሚያቃጥል ውሃ።

ጉንፋን አይደለም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሁመድ ተመለሰ። አሁንም ታፈሳለች። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ያፈረ መሰለ። ሞተሯ እሱን ያሳጣችው ይመስል።

«ምናልባት እኔ ሳልነግርህ የቀረ ነገር አለ» አለ፤ ሊቀመጥ ቃጣው።

«ቆይ» አልኩት። ጎንበስ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንገቴን ወዲህ ወዲያ… ልክ እንደ ድሮው። ራሴን ነቀነቅኩ። «መርፌው ነው» አልኩት።

መርፌው ምን እንዳለው የት አውቄ? ቀየርኩት። ጋራዡ ውስጥ አንድ ጠብታ የለም። ሁመድ አፍንጫዬን አምኖ ሄደ። እኔም የሠራሁ መሰልኩ። ሠራሁ ወይስ ተወንኩ?

ለሱልጣና አልነገርኩም። ምን ልበላት? መንገዱ ላይ ስድስት ሞተር ሠሪ አለ። ሁሉም እጅ አላቸው፣ ቁልፍ አላቸው። እኔን የሚመርጡኝ በአንድ ነገር ነው። እሱ ከሄደ እኔ ማን ነኝ?

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

በተርታ ልጻፈው።

ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። አቧራው መንገዱን ጋረደው። በሩን ገርበብ አድርጌ ካርቡሬተር እያጠብኩ ነበር፣ በሳፋ ቤንዚን። ሳፋው ለካ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ቤንዚኑ ቀስ እያለ በሲሚንቶው ስንጥቅ እስከ በሩ ወርዷል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የተፈታ ዕቃ እጠርጋለሁ።

ሱልጣና በነፋስ ቀን ምድጃዋን ወደ ጋራዡ ግድግዳ ታስጠጋለች። ከለላ ነው፣ ሁሌም እንዲሁ ናት። ዛሬም ፍም የሞላ ምድጃዋን አንጠልጥላ መጣች። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«አብዱ!»

ዞርኩ።

«ይሄ ሁሉ ቤንዚን ምንድነው?»

«የቱ?»

ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ተራመደች። መንገዱን ተሻግራ ምድጃውን አስቀመጠች፣ አፈር ደፋችበት። ከዚያ ተመለሰች። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አይሸትህም?»

ዞሬ ሳፋውን አየሁ።

«በአላህ አብዱ፣ አይሸትህም ወይ?»

«ከነ እሸቴ ፋሲካ በፊት ጀምሮ» አልኳት።

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ሳላስተውል እንኳ ብገባ አንተ ታስቆመኛለህ ብዬ ነው ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ይዤ ደጅህ የምመላለሰው» አለች።

ፈራሁ። አሁን ስጽፈው የበለጠ እፈራለሁ። ደጃፉ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ምድጃዋን ለዘለቄታው ከመንገዱ ማዶ አዛወረች። ሳፋውን ጣልኩት።

ማታ ሳሙናና ውሃ አቀረበችልኝ። «ትሸታለህ» አላለችም። አስቀምጣ ሄደች። አሁን መሽተቴን በምን አውቃለሁ?

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሐኪም ቤት። ሱልጣና አብሬህ ካልገባሁ አለች፣ ገባች።

ሐኪሟ ዶክተር ማህሌት ትባላለች። ልጅ ናት፣ ረጋ ያለች። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ። አንድ ነገር አፍንጫዬ ሥር አመጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ዓይኔን ስገልጥ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው።

«ስንት ዓመት ነው በቤንዚን የሠሩት?»

«አዋሽ ሥራ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ። ሃያ ይሆናል።»

«በአፍዎም ይስባሉ?»

«የማይስብ መካኒክ አለ?»

ጻፈች። ምክንያቱ ቤንዚኑ ብቻ ላይሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። በአፍ መሳብ ክልክል። በቤንዚን እጅ መታጠብም። «እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ተስፋ ብሰጥዎት ደግ አላደረግኩም» አለች። ደስ አለችኝ። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ለካ እንዲህ ቀላል ነው። እኔ ሁመድን እንዲህ ማለት አቅቶኝ መርፌ ቀየርኩለት።

ባጃጅ ውስጥ ሱልጣና ውጭ ውጩን እያየች፣ «ወንድሜ ጋ ደውያለሁ» አለች። አዋሽ ያለው ወንድሟ አብዱልበሲጥ መለዋወጫ ይሸጣል። «ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ዕቃ የሚያውቅ ሰው። እሳትም ቤንዚንም የለበት።»

«እሁድ ሄጄ ልየው» አልኳት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

አዋሽ ደርሼ ተመለስኩ። ትናንት ሄጄ እዚያው አደርኩ።

መንገድ ላይ ገዋኔ ምሳ። ከባድ መኪኖቹ በሰልፍ፣ ሾፌሮቹ ከሥራቸው ተጋድመው። ፍየሎች በጎማው ጥላ። የቀረበልኝን በላሁ፣ ምን እንደነበር አላስታውስም። ሲጣፍጥም ሲመርም የማያውቅ ሰው የበላውን ለምን ያስታውሳል?

አብዱልበሲጥ ጥሩ ሰው ነው። ሱቁ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጓርኒሲዮን፣ መርፌ፣ ቱቦ፣ ካንዴላ፣ ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ። ንጹሕ። ዛሬ ጠዋት ባንኮኒው ኋላ አቆመኝ፣ «እስቲ ልመደው» አለ።

አንድ ወጣት መጣ። «የካርቡሬተር መርፌ።»

«ምን ሆና ነው? ስትቆም ነው የምታፈሰው ስትሄድ?» አልኩት።

ልጁ ግራ ገባው። አብዱልበሲጥ ከኋላዬ በቀስታ፣ «የጠየቀህን ስጠው አብዱ» አለ። ሰጠሁት። ሄደ። መርፌው ይሁን አይሁን አላወቅኩም። እሱም አላወቀም። ጉዳዩ የእኔ አይደለም።

«ከአረፋ በኋላ ና፣ አብሽር፣ ቤትም እናፈላልጋለን» አለኝ ሲሸኘኝ። አላህ ይስጠው። ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን መንገዱን ሙሉ ያ ልጅ ሞተሩ ምን እንደሆነች ሳስብ መጣሁ… ስትቆም ነው ስትሄድ?

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዱቄት!

ሱልጣና ሳምቡሳዋን ስትዳምጥ አየሁ። ዘይት የነካው ዱቄት ወዲያው ይጠቁራል። አንድ ጭብጥ ለመንኳት። ለጥገና የመጣች ሞተር አጥፍቼ፣ ካርቡሬተሩን አድርቄ፣ ዙሪያውን ዱቄት ነሰነስኩበት። የቤንዚን መክፈቻውን ከፈትኩ፣ ጠበቅኩ። በኩባያው መጋጠሚያ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣ። ቤንዚኑ ሳይተን ዱቄቱ ያዘው። ጓርኒሲዮን። በግምት አይደለም፣ አየሁት!

እሸቴ ብቅ ብሎ፣ «ምነው አብዱዬ፣ ካርቡሬተሩን ልትጠብሰው ነው?» አለ። እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ነገርኩት፣ አፍንጫዬን። አልቀለደም። «እኔ እኮ ያን ያረረ ሳምቡሳ ስትበላ ጊዜ…» አለና ተወው።

ለሱልጣና አሳየኋት። «ጥሩ ነው» አለች። ዓይኗ ግን ደጃፉ ላይ ነው፣ ያ ቤንዚን የፈሰሰበት። ዱቄት የተፈታች ሞተር ላይ ይሠራል። መሬት ላይ የፈሰሰውን፣ ከሰው ልብስ ላይ ያለውን፣ በር ላይ ያለውን ማን ይነስንስበታል? ይሄን ማለቷ ነው፤ ልክ ናት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ይሄ ቀን ረጅም ነው። ግን ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሁመድ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አሁን ነገሩ ብሷል። ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ቤተሰቦቿ ሲወስዳት የቤንዚኑ ሽታ ራሷን አዙሯት ልትወድቅ ደርሳ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት። ከእንግዲህ ሞተሯ ላይ አልወጣም አለች። «መሥሪያ ቤቴም ሌላ ሞተር የለውም» አለ ሁመድ። «ያለ ሞተር ደግሞ ፍየሉን ማን ይከትበዋል?»

ዱቄቴን አመጣሁ። ኩባያው፣ ቱቦው፣ ሰልባትዮው ሥር፣ መክፈቻው። ጠበቅኩ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንድ ነጥብ የለም። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ አየሁ። ኩባያው ሲሞላ መርፌውን ገፍቶ ቤንዚኑን የሚያስዘጋው ተንሳፋፊ አልተበሳም፣ ከፍታው ልክ ነው። መርፌው አዲስ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ። ይህች ሞተር አታፈስም።

ግን ታፈሳለች። ሴትየዋ አትዋሽም።

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። «እሺ ሁመድ፣ ከመነሻው ንገረኝ» ብዬ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ሁመድ ፊቱ በራ።

ጀመረ። በሰላም ነው ያደረው። የሚስቱ አባት ግመል ወልዳለች፣ ሴት ናት። በምዕራብ በኩል ደመና ነበረ፣ ዝናቡ ግን ሌላ ቦታ ወርዷል። ከጭፍራ ሲነሳ ፀሐይ ገና ነበረች። መንገድ ላይ የታመመ ሽማግሌ አግኝቶ ውሃ ሰጥቶታል፣ ሽማግሌው የማን ልጅ እንደሆነ… ሦስት ጊዜ «ሞተሯስ?» ልለው አፌ ደረሰ። ዋጥኩት። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ገባ። አሸዋ ነው። ፍየሎቹ ተሰብስበው ጠበቁት። ነፋስ ነበር።

«…ነፋስ ስለነበር አስተኛኋት። መከተብ ጀመርኩ…»

«ቆይ። ምኗን አስተኛህ?»

«ሞተሯን ነዋ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በጎኗ። አብዱ፣ አሸዋ ላይ መቆሚያዋ ይሰምጣል። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ጥሎ መስታወቷን ሰብሮብኛል። ከምትወድቅ እኔው ቀስ አድርጌ አስተኛታለሁ። እንደ ግመል። ነፋስ ባለበት ግመል አይቆምም።»

«እስክትጨርስ?»

«ፍየሉ እስኪያልቅ። አንዳንዴ ግማሽ ቀን።»

«መክፈቻዋን ትዘጋለህ?»

«እጀታው ተሰብሮ የለ? እንደተከፈተ ነው።»

ግማሽ ቀን በጎኗ ተኝታ። መክፈቻዋ ተከፍቶ። ተንሳፋፊው በጎኑ ወድቆ መርፌውን አይገፋ… ቤንዚኑ በትርፍ ማፍሰሻው እየወረደ፣ አሸዋው እየጠጣው፣ ፀሐይ እያተነነችው። ከዚያ ቀና አድርጎ ሲነዳት አካሏ ሁሉ ቤንዚን ለብሷል። ጋራዥ ስትመጣ ቆማ ነው የምትመጣው። ቆማ ደግሞ ጤነኛ ናት።

ሁመድ አላጠፋም። እዚያ አሸዋ ላይ እኔም ብሆን አስተኛታለሁ። የመጀመሪያ ቀን፣ ገና ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ቁጭ በል ብሎኝ ነበር።

አዲስ መክፈቻ ገጠምኩላት። ከመቆሚያዋ እግር ሥር ሰፊ ላሜራ አስበየድኩ፣ አሸዋ እንዳይውጣት። ሁመድ አይቶ፣ «አሁን ገና የግመል ኮቴ አወጣች» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። እሱ አልተነሳም።

«ያንተስ?» አለ።

«የእኔ ምን?»

«የእኔን ተቀበልክ። ያንተን ስጠኝ። ዳጉ እኮ የአንድ ሰው አይደለም።»

ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው ልለው ነበር። ግን ይሄ ሰው ለሽማግሌው የሰጠውን ውሃ እንኳን አልደበቀኝም። በዳጉ አይዋሽም፣ የዋሸ ሰው ወሬው ሁለተኛ አይወሰድለትም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አፍንጫዬን፣ በግምት የቀየርኩትን ጓርኒሲዮን፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያሸተትኩ የመሰልኩትን፣ የሱልጣናን ምድጃ፣ አዋሽን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ አይዞህ አላለኝም። «ተቀብያለሁ» አለ። ተነስቶ ሄደ።

ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግንቦት 22፣ አርብ

ምን ነክቶኝ ነው የነገርኩት? ሱልጣና ስትሰማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ለአንድ አፋር ነገርክ ማለት ለጅቡቲ ነገርክ ማለት ነው!»

ግንቦት 29፣ አርብ

አረፋ። ሶላት፣ ከዚያ እርድ። እሸቴ መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ አለ፣ የራሱን ለስላሳ ይዞ። ሱልጣና ነጭ ለብሳ ነበር፣ አማረባት። ሥጋው ጣዕሙ አልተሰማኝም። ጎበዝ ሠርተሽዋል አልኳት። እጄን ያዘች።

ሳምንቱን ሙሉ የመጣ ሞተር የለም። ከበዓል በፊት ሁሌም ይቀዘቅዛል… እንዲህ ግን ቀዝቅዞ አያውቅም። ወሬው ደርሷል። አፍንጫ የሌለውን «አብዱ አፍንጫው» ማን ይፈልገዋል?

አብዱልበሲጥ ደወለ። «መቼ ልጠብቅህ?» ሰኔ አጋማሽ አልኩት። ሱልጣና ስልኩን ስዘጋ ፊቷን አዞረች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጋራዡን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰው ደጅ ላይ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌ፣ ከጭፍራ ወዲያ ነኝ ይላል። አጠገቡ ሞተር አቁሟል። የልጁ ናት።

«አብዱናሲር የምትባለው አንተ ነህ? አፍንጫህ ሄዷል አሉ።»

«አዎ» አልኩት። ምን እላለሁ?

«ሰምተናል። ስለዚህ እኔ አሽትቻት መጣሁ።»

«ምን?»

«ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ አሸተትኳት። ከላይ ምንም የለም። በግራ በኩል፣ ቱቦው ከካርቡሬተሩ ሲገናኝ፣ እዚያ ነው። ልጄም አሸተተ። ሚስቴም አሸተተች። እሷ ደግሞ ከእኔ ትበልጣለች፣ እዚያው ነው አለች። አሁን ቁጭ በል፣ መንገዱን ልንገርህ።»

ቁጭ አልኩ። አልደብቅም፣ አለቀስኩ። ሽማግሌው አላየሁም ብሎ መንገዱን መንገር ቀጠለ።

ቱቦው ነበር። ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሚስቱ እንዳለችው።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዛሬ ብቻ አራት። ሁሉም አሽትተው ነው የሚመጡት። አንዱ ሳያሸት መጥቶ ሌሎቹ ተቆጡት፤ «እሱ እንዴት ይወቅልህ? ሂድና አሽትተህ ና!» አሉት። እዚያው ጎንበስ አለ።

እሸቴ ሞተር ጠጋኞች መንገዱ ላይ ሰባት ሆኑ፣ ሰባተኛው መላው አፋር ነው ይላል። ጎማውን እየለጠፈ የሰዉን ዳጉ በነጻ ያዳምጣል፣ የሚስቁበት ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል።

አብዱልበሲጥ ጋ ደወልኩ። እንደማልመጣ ነገርኩት። አልተቀየመም። «ታዲያ ዕቃህን ከእኔ ውሰድ» አለ። እወስዳለሁ።

ሱልጣና ከበር ቆማ ሰምታለች። «እኔም ጠዋት ጠዋት ጋራዡን እየዞርኩ አሸታለሁ፣ ሳልፈቅድ በሩ አይከፈትም» አለች። ምድጃዋ ግን ማዶ ይቀራል። ተስማማን።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ከገዋኔ አንድ ሰው በጭነት መኪና መጣ። ሞተር የለውም። «ሞተርህስ?» ብለው ቤት ናት አለ። ከቤት ትቷት እሷን ሊነግረኝ መጣ።

ቁጭ አልን። ቤንዚን ከመንገድ ዳር በሀይላንድ ይገዛል። ከገዛ ማግስት ጠዋት ሽታው ይበረታል፣ ከታች፣ ከማፍሰሻው ቱቦ። ሁሌ አይደለም። ኩባያውን በካቻቢቴ እጀታ ቆርቆር ሲያደርገው ይቆማል። ደግሞ ይጀምራል። ይሄን ሲነግረኝ በመካከል ስለ ወንድሙ ሠርግም ነገረኝ። አላቋረጥኩትም።

ሲቆረቁሩት የሚቆም ከሆነ መርፌው መቀመጫ ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ከሀይላንዱ ነው። ምን እንደሚያደርግ ነገርኩት፦ መክፈቻውን ዝጋ፣ የታችኛውን ብሎን ፍታ፣ አፍስስ፣ መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ በአፍህ ግን እንዳትስብ። አንዲት ትንሽ ፊልትሮ ሰጠሁት፣ ቱቦው መካከል የምትገባ። ይዞ፣ ወደ ገዋኔ የሚመለስ ሌላ መኪና ለምኖ ሄደ።

ሞተሯን አላየኋትም። አልነካኋትም። አላሸተትኳት። ተሳስቼ ከሆነስ?

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ጠዋት ሱልጣና ጋራዡን ዞረች፣ «ክፈት» አለች። ከፈትኩ። ሁለት ሞተር። አንዷ ካንዴላ፣ ሌላዋ የፊት ፍሬን። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ሁመድ አለፍ ሲል ገባ። ሚስቱን ከኋላ አስቀምጧታል። ወርዳ ከሱልጣና ጋር ሻይ ያዘች። እኔ ገና ሳያየኝ ካቻቢቴውን አስቀምጬ ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ። ሳቀብኝ።

ዳጉውን ሰጠኝ። ግመሏ ደህና ናት፣ ግልገሏም። ዝናብ ጥሏል። ያ የታመመ ሽማግሌ ድኗል። ከገዋኔ የመጣ ወሬ ደግሞ አለ፦ አንድ ሰው ሞተሩን ሳያመጣ ሰመራ ሄዶ ነግሮ፣ ሰምቶ ተመልሶ፣ ያሉትን ቢያደርግ መፍሰሱ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ቤንዚን ሞልቶ ጠብቋል፣ አሽትቷል፣ የለም። ይሄን ለአብዱናሲር አድርስልኝ ብሎ ለአንዱ ነግሮ፣ ያ ለሌላው፣ ሌላው ለሁመድ።

«ተቀበልክ?» አለኝ።

«ተቀበልኩ።»

ያንተስ አለኝ። አፍንጫዬ አልተመለሰም አልኩት። ሎሚም ሳሙናም ገና አንድ ናቸው። መፍራቴ ግን ቀርቷል። ይሄንንም ይዞ ሄደ። ነገ ጭፍራ ይደርሳል።

ማታ ቤት ገባሁ። ሱልጣና ሳህን እያጠበች ነበር። ሳትዞር፣ ልክ እንደ ድሮዋ፣ እንደማይሰለቻት፣ «ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለህ፣ ፍራሹ ላይ እንዳትቀመጥ!» አለችኝ።

እጄን አነሳሁና አሸተትኩት። ምንም። አመንኳት፣ ታጠብኩ።